ሁለት ሪሞት፣ አንድ ዳንቴል

ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን፣ ጥቅምት 9 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ሻረው
ደባርቅ

አባዬ፣

ቀኑንም አድራሻውንም አስቀድሜ ጻፍኩ፤ ዕድሜውን ሙሉ ፖስታ ቤት የሠራ ሰው ልጅ ቀን የሌለው ደብዳቤ ላከች እንዳይባል። ጤናዎ እንዴት ነው? እግርዎስ? እኔ አለሁ። «ደህና ነኝ» ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። «ደህና አይደለሁም» ብዬ ብጽፍ ደግሞ ዱላዎን ተደግፈው መኪና ፍለጋ መናኸሪያ ይወርዳሉ። ስለዚህ አለሁ።

«በሾፌሩ በአገኘሁ እጅ የላክሽው ጥቁር ነገር ምንድን ነው?» ላሉኝ፣ ሪሞት ነው። የድሮው ሞተ ብለው ስለጻፉልኝ፣ አቤቱታዬን ላስገባ ጎንደር የወረድኩ ዕለት ገዛሁት። ዩኒቨርሳል ይሉታል። እንደ ድሮው የአንድ ቴሌቪዥን ብቻ አይደለም፤ ላስተማሩት ሁሉ ያገለግላል፣ ካላስተማሩት ግን ለማንም አይታዘዝም። ስለዚህ እናስተምረው።

ባትሪ የለውም፣ ከሱቅ ያስገዙ። አንዱ ራሱን ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች አድርጎ ነው የሚተኛው፤ ሥዕሉ ከውስጥ አለ። ከዚያ ቴሌቪዥኑን በራሱ ማብሪያ ያብሩት። በሪሞቱ ላይ ከላይ በስተግራ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጭነው ይያዙ፤ ቀይ መብራት እስኪበራ እንዳይለቁ። ሲበራ፣ አብሮት ከመጣው ወረቀት ላይ በቴሌቪዥናችን ስም አንጻር ካሉት ቁጥሮች አንዱን ያስገቡ። መብራቱ ይጠፋል። ያን ጊዜ ድምፅ መጨመሪያዋን ይንኩ። ድምፁ ከጨመረ ጨርሰዋል። ካልጨመረ ቀጣዩን ቁጥር ይሞክሩ። አይቸኩሉ እንዳልልዎ፣ ቸኩለው አያውቁም።

የቴሌቪዥኑ የፊት ቁልፎች ወደ ውስጥ ገብተው ከቀሩ ወዲህ ያለ ሪሞት ድምፁ እንደማይጨምር አውቃለሁ። ሰው አፉን ሲያንቀሳቅስ ብቻ እያዩ ነው የሚውሉት። በስልክ እንዳላጫውትዎ፣ እኔ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥቼ እጮሃለሁ፣ እርስዎ አይሰሙም፣ ሰፈሩ ግን ይሰማል።

በደብዳቤዎ ስለ ምግቤ ጠይቀዋል፤ ስለ ብርድ ልብሴም። ስለ አቤቱታዬ አንዲት ቃል የለም። እሺ። ግን ሰው ስለ እኔ ሲጠይቅዎ ዝም አይበሉ። እንዲህ ይበሉልኝ፦ «ልጄ የፊዚክስ መምህርት ናት። የአንድን ትልቅ ሰው ልጅ ውጤት ጨምሪ ቢሏት እምቢ አለች። ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ ሀብተ ሚካኤል በራሱ እጅ ጨመረው፤ ሲታወቅበት ማርክ ሸጠች ብሎ ከሰሳት። ክሱ ሳይታይ፣ ለሥራው አስፈላጊነት ብለው ጃናሞራ ላኳት።» አለቀ። አጭር ናት፤ በቃልዎ ይያዟት።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጥር 25 ደባርቅ ላይ ይሰማኛል። ከዚያ በፊት «አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ» የሚል ወረቀት ብፈርም ወደ ደባርቅ እንደሚመልሱኝ በሰው አስነግረውኛል። ክረምትና በጋ እዚህ ብቀር ይሻለኛል። አልፈርምም።

ልጅዎ ዕፀገነት


ደባርቅ፣ ኅዳር 3 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለልጄ ለመምህርት ዕፀገነት ሻረው
መካነ ብርሃን

የእመቤቴ ጥበቃ ከደጅሽ አይለይ። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና እንደ ዕድሜዬ ነኝ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለወደፊቱ ፖስታውን አጥብቀሽ አሽጊው፤ አገኘሁ ሳልጠይቀው «ጋሼ ይሙቱ፣ አላነበብኩትም» ብሎ ማለልኝ።

ሪሞቱን እንዳዘዝሽው አደረግሁ። ቀዩ መብራት በራ። ቁጥሩን አስገባሁ፣ ጠፋ። ድምፅ መጨመሪያዋን ብነካ ቴሌቪዥኑ አልሰማም። ቁጥሮቹን በተራ በተራ አዳረስኳቸው፤ አንዱም አልሆነም። የተጠቀለለበትን ላስቲክ አላወለቅሁም፤ አቧራ ይገባበታል። ጥፋቱ የላስቲኩ ከሆነ ንገሪኝ።

ጎረቤታችን ዓለምዬ መጥታ «ጠበል እርጭበት» አለችኝ። «በኤሌክትሪክ ላይ ጠበል የሚረጭ ያንቺ ዘመድ ይሆናል» አልኳት። ተኮራርፈን ዋልን። አመሻሽ ላይ ሽሮ ይዛ መጣች።

ትናንት ዜና አንባቢዋን ስመለከት ነበር። ብዙ አወራች። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ስለነበር እኔን የምታናግር መሰለኝና ራሴን ነቀነቅሁላት።

ስለ ጉዳይሽ እዚህ የሚሰማ ነገር የለም። ወደ ቤትም የመጣ ሰው የለም። ወፍራም ካልሲ ልኬልሻለሁ፤ የቧሂት ተራራ ውርጭ በእግር ነው የሚገባው።

ሰው ለመድሽ ወይ? ሪሞቱንስ ምን ላድርገው?

አባትሽ ሻረው


መካነ ብርሃን፣ ኅዳር 22 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ

አባዬ፣ ካልሲው ደርሷል። ለብሼው እየጻፍኩ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

ጥፋቱ የላስቲኩ አይደለም። ሪሞት የሚናገረው በብርሃን ነው፤ የእኛ ዓይን በማያየው ብርሃን። ላስቲክ እንደ መስታወት ያሳልፈዋል፤ ወፍራም ነገር ግን ያግደዋል። ዓይን ባያየው የስልክ ካሜራ ያየዋልና እንዲህ ያድርጉ፦ እትዬ ዓለምዬ ካሜራ ያለው ስልኳን ይዛ ትምጣ። ካሜራውን ከፍታ የሪሞቱን ግንባር፣ ያቺን አምፖል መሳይ ጫፍ፣ በስልኩ ትይ፤ እርስዎ ቁልፍ ይጫኑ። በስልኩ ውስጥ ነጣ ያለ ብርሃን ብልጭ ካለ ሪሞቱ ደህና ነው። የድሮውንም ካልጣሉት በዚያው ይሞክሩት።

ሪሞቱ ደህና ከሆነ ቁጥሮቹን ይተዉና ራሱ እንዲፈልግ ያድርጉት። ያቺን ትንሽ ቁልፍ ቀዩ እስኪበራ ይያዙ፤ ከዚያ ሪሞቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አነጣጥረው ድምፅ መጨመሪያዋን ሳይለቁ ይጫኑ። ቁጥሮቹን ሁሉ በራሱ ይሞክራል። የድምፁ ምልክት ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ ባለበት ቅጽበት ይልቀቁ። ደግሞም የቴሌቪዥኑን ቀይ መብራት ይዩልኝ፤ ከመስታወቱ በታች፣ በስተቀኝ ጥግ ያለችውን። የቴሌቪዥኑ ዓይን እሷ አጠገብ ነው። ቁልፍ ሲጫኑ ጭልጭል ትላለች ወይስ ዝም?

የድሮው ሪሞት መሥራት ያቆመበትን ቀንም ይጻፉልኝ። ቤቱ ውስጥ የተለወጠ ነገር ካለም። ተማሪዎቼን የማስተምራቸው ይህንኑ ነው፤ ነገር ሲበላሽ «ምን ተበላሸ?» ከማለት በፊት «ምን ተለወጠ?» በሉ እላቸዋለሁ።

«ሰው ለመድሽ ወይ?» ብለዋል። ልንገርዎ። በእረፍት ሰዓት ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ አንዱ መምህር ከወዲያ ጠረጴዛ «ዕፄ፣ በዚህ በእኛ ወረዳ ማርክ ስንት ስንት ነው?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። «ለሌላው በፍሬ ነው። ለአንተ ግን በቁና ካልሆነ አይሞላልህም» አልኩት። ያን ጊዜ ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ስቀው ሲጨርሱ እየተነሱ ወጡ፤ እኔና አራት ባዶ ብርጭቆ ቀረን። ወሬዬ ከእኔ ቀድሞ ነው እዚህ የገባው፣ አባዬ። ምናልባት በአገኘሁ መኪና ላይ፣ ከፊት ወንበር ተቀምጦ።

ጭጋጉ ከሰዓት በኋላ ይመጣና የጎረቤቴን በር ይውጠዋል። በሩ በማይታይበት ሰዓት፣ ጎረቤቴ አልጠራችኝም ብዬ አላዝንም። ለጭጋግ የተገኘ ጥቅም ይኼ ነው።

ዕፀገነት


መካነ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ

አባዬ፣ እትዬ ዓለምዬ ስልኩ ውስጥ ብርሃኑን አይታ «እሳት አለው!» ብላ መጮኋን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። እዚህ ከመጣሁ ድምፅ አውጥቼ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው፤ በገዛ ድምፄ ደነገጥኩ። የድሮው ሪሞትም በስልኩ ውስጥ መብራቱን ጽፈዋል። እንግዲህ ሁለቱም ሪሞቶች በሕይወት አሉ ማለት ነው። የድሮው አልሞተም ነበር። በከንቱ ቀበርነው።

«ቴሌቪዥኑም እንደ እኔ ጆሮው ደክሟል፤ ተይው» ብለዋል። አልተወውም። የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። «ቀይ መብራት የምትይው ቴሌቪዥኑ ላይ የለም» ይላሉ። አለ፣ አባዬ። በልጅነቴ እንቅልፍ እስኪወስደኝ የማየው እሱን ነበር። ከሌለ የሸፈነው ነገር አለ ማለት ነው። ከዚያ ወረድ ብለው ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ «ሥራ ያቆመው ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ነው። በቤቱ የተለወጠ ነገር የለም። የእናትሽን ዳንቴል ብቻ አለበስኩት፤ መስታወቱን እንዳይከልል እንደ መጋረጃ ከፍዬ ግራና ቀኙን ከታች ቋጠርኩት።»

እሱ ነው። የቀኙ ቋጠሮ ዓይኑ ላይ ተኝቷል። ዳንቴል አንድ ንጣፍ ቢሆን ብርሃኑ በቀዳዳው ያልፍ ነበር፤ ተደራርቦ ሲቋጠር ግን ግድግዳ ነው። ቋጠሮውን ይፍቱና የድሮውን ሪሞት ይጫኑ። አዲሱንም እንደገና ያስተምሩት፤ ከቁጥሮቹ አንዱ ልክ ነበር፤ መልሱ ነው ሳይሰማ የቀረው።

የቴሌቪዥኑ ነገር እዚህ ላይ አበቃ። አሁን ሪሞቱን ያስቀምጡና እኔን ይስሙኝ።

ያ ዳንቴል እናቴ ወለተ ሥላሴ ዓይኗን ያፈሰሰችበት ነው። ከሣጥን የሚወጣው ሽማግሌ ሲመጣ ብቻ ነበር። እህቴን ናዝራዊትን ለመጠየቅ ከዳባት ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት ወጣ። እኔ በተመረቅሁ ቀን እንኳ «ቤተሰብ ነው፤ ለቤተሰብ አይወጣም» ብላ ከለከለችኝ፤ አኩርፌ አልበላሁም ነበር፣ ያስታውሳሉ። እርስዎ ደግሞ የእሷን ደንብ ከሞተች በኋላ ይበልጥ ነው የሚጠብቁት። አቧራ ነው አይበሉኝ። ለአቧራ አሮጌ ነጠላ አለ።

እኔ ወደዚህ የመጣሁት ከመስቀል በፊት ነው። በመስቀል ማግስት ዳንቴሉ ወጣ። ሳልጠይቅዎ ደግሞ «የመጣ ሰው የለም» ብለው ጻፉልኝ።

ማን መጣ፣ አባዬ? ስለ እኔ ምን ጠየቁ? እርስዎስ ምን ቃል ሰጧቸው? ዳንቴሉ እስካሁን ያልተነሳው ተመልሰው ስለሚመጡ ነው?

ሲመልሱልኝ ቀኑን መጻፍ አይርሱ።

ዕፀገነት ሻረው


መካነ ብርሃን፣ ጥር 2 ቀን 2004 ዓ.ም.

አባዬ፣

አገኘሁ ዛሬም ባዶ እጁን መጣ። «ሰላም ብለውሻል» አለኝ። በገና ጊዜም ያለኝ ይህንኑ ነው። ሰላምዎን እቀበላለሁ፤ የጠየቅሁት ግን እሱን አልነበረም።

ዕፀገነት


ደባርቅ፣ ጥር 14 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለልጄ ለመምህርት ዕፀገነት ሻረው

መልሱ የዘገየው ወረቀት ጠፍቶ አይደለም። የምጽፈው ነገር ሳይስተካከል ልጽፍልሽ አልወደድኩም።

የመጡት የነፍስ አባታችን አባ ኪዳነ ማርያም ናቸው፤ ከሁለት ሰዎች ጋር፣ በአቶ ሀብተ ሚካኤል ተልከው። እንደሚመጡ ከዋዜማው ሰምቼ ቤቱን አለበስኩት። «ልጂቱ ትፈርም፣ አገሯ ትግባ፣ ነገሩ በእርቅ ይለቅ» አሉኝ። እኔም «እሺ፣ አስፈርማታለሁ» አልኳቸው። ለጥምቀት ማግስት ተቀጣጠርን።

እሺ ያልኩት አንቺን ሳላምን ቀርቼ አይደለም። ማርክ እንደማትሸጪ እኔ አላውቅም? በልጅነትሽ የሱቅ ባለቤት ተሳስቶ የሰጠሽን ከረሜላ ይዘሽ የተመለስሽ ነሽ። ቤቱ ጸጥ አለብኝ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ጆሮዬ ደክሞ ይሁን ወይስ የሚናገር ሰው ጠፍቶ መለየት አቃተኝ። ስሟ ቢቆሽሽም እሷ ትምጣልኝ አልኩ። ይኼው ነው። የሚያምር ምክንያት የለኝም።

ታኅሣሥ ላይ የጻፍሽው እንደደረሰኝ ቋጠሮውን አልፈታሁትም። ብፈታው ቴሌቪዥኑ ይናገራል፣ እኔ ደግሞ የምመልስልሽ ነገር አልነበረኝም። የፈታሁት በጥምቀት ዕለት፣ ሰው ሁሉ ታቦት ሊሸኝ ሲወጣ ነው። መብራቷ እዚያው ነበረች። የድሮውን ሪሞት ብጫነው ድምፁ ሰማይ ደረሰ። ደንግጬ ዱላዬን ጣልኩት።

በማግስቱ መጡ። አባ ኪዳነ ማርያም በሩ ላይ ቆመው ቴሌቪዥኑን አዩት።

«ሻረው፣ ዛሬ ቤትህን አላለበስከውም?» አሉኝ።

«ይፍቱኝ አባቴ» አልኳቸው፤ «ያለበስኩት ለእርቅ መስሎኝ ነበር።»

«እርቅ አይደለም ወይ? ቃልህስ?»

«ቃሌን የሰጠሁት ከእሷ ላይ ቆርሼ ነው። የእኔ ያልሆነ ነገር ነው የሰጠሁዎ። ይመልሱልኝ።»

አብሯቸው ከመጡት አንዱ «እንዴ! በሴት ልጅ ቃል ሽማግሌ ሊመለስ ነው?» አለ። ያን ጊዜ ያቺን በቃልዎ ይያዟት ያልሽኝን አወረድኩለት፤ ከፊዚክስ መምህርት እስከ ጃናሞራ፣ ቃል ሳልስት። ድምፄም ከፍ ሳይል አልቀረም፤ ዓለምዬ ከአጥሩ ወዲያ «እሰይ!» ስትል እኔ እንኳ ሰማኋት።

አባ ኪዳነ ማርያም «እባክህ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀንሰውና እንነጋገር» አሉኝ። «አባቴ፣ ይህን ሪሞት ገና አልለመድኩትም» አልኳቸው። ለምጄዋለሁ። ለንስሐ አባት የተዋሸ ውሸት ለማን እንደሚናዘዙት አላውቅም፤ አንቺ የተማርሽ ነሽና አስቢበት። ሳይቀመጡ ወጡ። ባርከውኝ ግን ነው የወጡት፤ ይህንንም እወቂልኝ።

ከእንግዲህ ወረቀቱን አትፈርሚ አልልሽም፤ ፈርሚም አልልሽም። የእጅሽ ነገር ነው።

ዳንቴሉን አጥቤ በአገኘሁ እጅ ልኬልሻለሁ። በጋዜጣ ጠቅልዬዋለሁ። ቤትሽ ሰው ሲመጣ አንጥፊው።

አባትሽ ሻረው


መካነ ብርሃን፣ የካቲት 20 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ሻረው
ደባርቅ

አባዬ፣

እግርዎ እንዴት ከረመ? ካልሲውን ልመልስልዎ ብል እምቢ ማለትዎ አልቀረም፤ ስለዚህ አልጠይቅም።

ለኮሚቴው የመጣሁ ዕለት አልነገርኩዎትም፤ ከመናኸሪያ ወደ ቤት ስወጣ የቴሌቪዥናችንን ድምፅ የሰማሁት ከመንገዱ ነው። ዜና ነበር። በሩ ላይ ቆሜ አየሁዎት። ሁለቱንም ሪሞቶች ጭንዎ ላይ አድርገው ነበር፣ አንዱ ቢያምጽ ሌላው አለ እንደሚል ሰው። ወዲያው አልገባሁም። ማልቀሴን ሳያዩኝ ልጨርስ ብዬ ነው።

ውሳኔው ትናንት እዚህ ደረሰ። «ማስረጃ ባለመገኘቱ ክሱ ተዘግቷል» ይላል። ማርክ አልሸጠችም አይልም። አቶ ሀብተ ሚካኤል ጨመረ አይልም። ዝውውሩ ደግሞ «ለሥራው አስፈላጊነት የተደረገ በመሆኑ» እንደጸና ይቆያል። ወረቀቱን የሰጠኝ ርዕሰ መምህር «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። «በየትኛው?» ብዬ ጠየቅሁት። ይግባኙን ጀምሬዋለሁ። ከፋሲካ በፊት ጎንደር እወርዳለሁ። ለአዲሱ ሪሞት ባትሪ ይፈልጉ እንደሆን ይጻፉልኝ፤ በዚያው እገዛለሁ።

ለአባ ኪዳነ ማርያም የዋሹትን አሰብኩበት። ለእሳቸው ለራሳቸው ይናዘዙት። ይስቃሉ ብዬ አስባለሁ።

«ሰው መጣልሽ ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። አልመጣም፣ አባዬ። ያ ሻይ ቤት የመለስኩለት መምህር አንድ ቀን እስከ በሩ መጥቶ ጠመኔ ተበድሮ ሄደ፤ እሱን እንግዳ ካሉት። ጭጋጉም እንደ ልማዱ ይመጣል። እናቴ ብትኖር ዳንቴሉን ወደ ሣጥን መልሺው ትለኝ ነበር፣ ለማን ብለሽ ትለኝ ነበር።

ትናንት፣ ያን ወረቀት ካነበብኩ በኋላ፣ ከጋዜጣው ፈትቼ ጠረጴዛዬ ላይ አነጠፍኩት። ለእኔ ነው ያነጠፍኩት። ይህንንም የምጽፍልዎ በላዩ ላይ ሆኜ ነው። ብዕሬ በቀዳዳዎቹ እየገባ ወረቀቱን እዚህም እዚያም ወግቶታል፤ ሲከፍቱት አይደንግጡ፣ አገኘሁም አልነካውም።

ልጅዎ ዕፀገነት ሻረው